ሚዛን አያዳላም፤ ስለ ሲያማንድ ራህማን ጕልበትና ድካም

ሰው ወንድሙን በሁለት መንገድ ሊበድለው ይችላል። አንደኛው መንገድ ንቀት ነው፤ ሁለተኛው ግን ርኅራኄ መስሎ የሚመጣ ነው። የሚንቅ ሰው፥ አካሉ የተጐዳውን ባየ ጊዜ «ይህ ምን ይረባል» ብሎ ያልፈዋል። የሚራራውም ሰው ብዙ ጊዜ «ይህስ ምን ሊሠራ ይችላል» ብሎ ጥቂት ገንዘብ ጥሎለት ያልፈዋል። የሁለቱ ልብ የተለያየ ነው፤ ፍርዳቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ሳይመዝኑ ፈርደዋልና። ምጽዋት ታላቅ ምግባር መሆኑን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን ምጽዋት በሚዛን ቦታ ሲቀመጥ፥ ተቀባዩን ከረኃብ ቢያድነውም ከሰው ቍጥር ያወጣዋል።

ይህ ነገር በቃል ብቻ ሲነገር ተግሣጽ ይመስላል፤ በሥራ የተገለጠበት ጊዜ ግን አለ። እግሮቹ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልጸኑለት አንድ የኢራን ሰው፥ በጀርባው ተኝቶ በክንዱ ብቻ 310 ኪሎ ብረት ወደ ላይ ገፍቶ አቆመ። ይህም በገበያ ልማድ ሲቈጠር ሦስት ኩንታል ከዐሥር ኪሎ ነው። የዚህ ሰው ስም ሲያማንድ ራህማን ይባላል። ታሪኩ ሊነገር የሚገባው ብረቱ ከባድ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ ብረቱ ሳያዝንለትና ሳይንቀው በትክክል ስለ መዘነው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች፥ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጠ በቀር፥ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

አካላቸው የተጐዳ ሰዎች በአደባባይ የሚወዳደሩበት የፓራሊምፒክ ጨዋታ መነሻው የሆስፒታል ግቢ ነው። ሉድቪግ ጉትማን የሚባል አይሁዳዊ ሐኪም በ1939 ከጀርመን ናዚዎች ሸሽቶ ወደ እንግሊዝ አገር ገባ። በ1944 ስቶክ ማንደቪል በሚባለው ሆስፒታል፥ አከርካሪያቸው የተጐዳ ሰዎች የሚታከሙበትን ክፍል እንዲመራ ተሾመ። በዚያ ዘመን አከርካሪው የተሰበረ ሰው ብዙ ዕድሜ እንደሌለው ይቈጠር ስለ ነበረ፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረግለት ነገር በአልጋው ላይ ተኝቶ ሞቱን እስኪያገኝ ድረስ መንከባከብ ብቻ ነበረ። ጉትማን ግን ይህን ፍርድ አልተቀበለም። በሽተኞቹን ከአልጋ እያስነሣ ሥራና ጨዋታ ያስለምዳቸው ጀመር። በ1948 የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ቀን፥ ዐሥራ ስድስት ጉዳተኞች በዚያው በሆስፒታሉ ሜዳ ላይ ቀስት በመወርወር ተወዳደሩ። ከዚህች ትንሽ ጅማሬ በ1960 በሮም ከተማ የተደረገው የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተወለደ።

ክብደት ማንሣት በዚህ ጨዋታ ውስጥ የገባው በ1964 በቶኪዮ ነው። በዚያን ጊዜ የተፈቀደው አከርካሪያቸው ለተጐዳ ወንዶች ብቻ ነበረ። ከዚያ በኋላ እግሩ የተቈረጠውም፥ በልጅነት ልምሻ የያዘውም፥ ቁመቱ እጅግ ያጠረውም እየተጨመሩ ሄዱ። ሴቶችም በ2000 በሲድኒ በተደረገው ጨዋታ ገቡበት። በዛሬው አጠራር ይህ ውድድር ፓራ ፓወርሊፍቲንግ ይባላል።

የውድድሩን ሥርዐት ማወቅ የሰውየውን ሥራ ለመረዳት ያስፈልጋል። ተወዳዳሪው ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከዐሥር ሳንቲሜትር በሆነ አግዳሚ ላይ በጀርባው ይተኛል። እግሮቹ በአግዳሚው ላይ ይዘረጋሉ እንጂ መሬት አይነኩም፤ ከፈለገም በጠፍር እንዲታሰሩለት ይፈቀዳል። ብረቱን ከማስቀመጫው ተቀብሎ ክንዱን ዘርግቶ ይይዛል። ዋናው ዳኛ ምልክት ሲሰጠው ወደ ደረቱ ያወርዳል። ብረቱ ደረቱን ከነካ በኋላ ሳይነቃነቅ ጸጥ ብሎ መቆም አለበት፤ በደረት አንጥሮ ማንሣት ክልክል ነው። ከዚህ በኋላ ሁለቱን ክንዶች እኩል አድርጎ ወደ ላይ ይገፋል፤ አንዱ ክንድ ቀድሞ ሌላው ቢዘገይ ይጣልበታል። ክንዶቹ ቀጥ ብለው ሲጸኑ ዳኛው እስኪያዝዘው ድረስ ይዞ ይቆያል። ሦስት ዳኞች ተቀምጠው ያያሉ፤ የተቀበለ ነጭ መብራት፥ ያልተቀበለ ቀይ መብራት ያበራል። ከሦስቱ ሁለቱ ነጭ ካላበሩ ድካሙ ሁሉ እንዳልነበረ ይቈጠራል።

ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ጊዜ መሞከር ይፈቀድለታል። አንድ ጊዜ የጠራውን ኪሎ ወደ ታች ዝቅ ማድረግ አይችልም። ክብረ ወሰን ለማሻሻል ለሚፈልግ አራተኛ ሙከራ ይሰጠዋል፤ ይህ ግን ለክብረ ወሰኑ እንጂ ለውድድሩ ደረጃ አይታሰብም። ሁለት ሰዎች እኩል ያነሡ እንደ ሆነ የገዛ ሰውነቱ ክብደት ያነሰው ይቀድማል። የጉዳታቸው ዓይነት የተለያየ ሰዎች በአንድነት ይወዳደራሉ፤ የሚለያቸው የሰውነታቸው ክብደት ብቻ ነው። እግሩ የተቈረጠ ሰው ሲመዘን ግን ለጐደለው አካል በሕግ የተወሰነ ኪሎ ይጨመርበታል። ይህም እግር በማጣቱ ቀሎ ከእርሱ በጕልበት ከሚያንሱት ጋር እንዳይሰለፍ ነው። እንግዲህ በዚህ ሕግ ውስጥ ጉዳቱ አልተካደም፤ ነገር ግን ለጉዳቱ ተብሎ ከብረቱ ላይ አንዲት ኪሎ አልተቀነሰለትም። የጉዳተኛውን መንገድ ማስተካከልና ለጉዳተኛው ፍርድ ማዳላት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ከዚህ ይታወቃል።

ሲያማንድ ራህማን የተወለደው ቀድሞ ፋርስ ትባል በነበረችው በኢራን፥ በሰሜን ምዕራብ በኩል ለኢራቅ ጠረፍ ቅርብ በሆነችው ኦሽናቪዬ በምትባል የኩርዶች ከተማ ነው። የተወለደበትም ቀን መጋቢት 12 ቀን 1980 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ በአውሮጳውያን ማርች 21 ቀን 1988 ነው። ይህ ቀን ኢራናውያን ኖውሩዝ የሚሉት የዘመን መለወጫቸው በዓል ነው። በዚያ ዓመት ኢራንና ኢራቅ ከ1980 ጀምሮ ሲዋጉት የኖሩት ጦርነት ገና አላለቀም ነበር፤ ያበቃው በዚያው ዓመት በክረምት ነው። ጦርነቱ በኢራን ውስጥ እጅግ ብዙ አካለ ስንኩላንን ትቶ ስላለፈ፥ መንግሥትና ሕዝብ ስለ ጉዳተኞች ስፖርት እንዲያስቡ ግድ ሆነባቸው። በተቀምጦ መረብ ኳስ የኢራን ሰዎች በዓለም የታወቁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህም በላይ የኢራን ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ጕልበትን የሚያከብር ሕዝብ ነው። በየከተማው ዙርኻኔ የሚባል፥ ትርጓሜውም «የጕልበት ቤት» የሆነ ሥፍራ አለ። በዚያ ቤት ወንዶች ከበሮ እየተመታና ግጥም እየተዜመ ከባድ የእንጨት ዱላ በማወዛወዝ ሰውነታቸውን ያጠነክራሉ፤ ጕልበተኛ የሆነ ሰው ትሑትና ለጋስ እንዲሆንም በዚያው ይመከራል። በ2000 በሲድኒ፥ በ2004ም በአቴና የኦሎምፒክ ከባድ ሚዛን ክብደት ማንሣት ያሸነፈው ሆሴን ሬዛዛዴ ኢራናዊ ነበረ። ራህማን በልጅነቱ የሰማው የጀግና ወሬ እንደዚህ ያለው ነው። እግሩ የማይጸና ልጅ በእንደዚህ ያለ አገር ሲያድግ፥ የጕልበተኛ ስም ለእርሱ የማይደርስ ሩቅ ነገር ሊመስለው ይችል ነበር። ዳሩ ግን ለክንዱ የሚሆን አግዳሚና ብረት፥ ለአግዳሚውም ሕግ አስቀድሞ ስለ ቆየው፥ መንገድ አገኘ።

በ2010 ገና የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሳለ በማሌዥያ በኳላ ላምፑር በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ። በዚያው ዓመት በቻይና በጓንግዡ በተደረገው የእስያ ፓራ ጨዋታም የወርቅ ሜዳይ ተቀበለ። በ2012 በለንደን ፓራሊምፒክ፥ ከ100 ኪሎ በላይ በሚመዝኑት ክፍል ገብቶ 280 ኪሎ በማንሣት ወርቁን ወሰደ። ከእርሱ ቀጥሎ ሁለተኛ የወጣው የኢራቅ ሰው ነበረ። ራህማን በተወለደበት ዓመት አባቶቻቸው በጦር ሜዳ የተፋለሙ ሁለት ሕዝቦች፥ በለንደን በአንድ አግዳሚ ላይ በየተራ ተኝተው በአንድ ሕግ ተመዘኑ።

በለንደን ድሉን ካረጋገጠ በኋላ ከ300 ኪሎ በላይ ለማንሣት ሞከረ፤ አልሆነለትም። በፓራሊምፒክ ታሪክ 300 ኪሎ ያነሣ ሰው በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ ብዙ ሰዎችም ይህን ልክ እንደማይታለፍ ግድግዳ ያዩት ነበር። ራህማን ግን ስላልሆነለት አልተወውም፤ በአንድ ጊዜ ለመዝለልም አልቸኰለም። በ2014 በዱባይ የዓለም ሻምፒዮናን፥ በኮርያም በኢንቾን የእስያ ፓራ ጨዋታን አሸነፈ። ክብረ ወሰኑንም ጥቂት ጥቂት ኪሎ እየጨመረ 296 ላይ አደረሰው። አራት ዓመት ሙሉ ደክሞ የቀረበው በዚህ መጠን ብቻ ነው። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት በእግሩ ለማይሄደው ለዚህ ሰው ከማንም ይልቅ ይስማማዋል።

ሴፕቴምበር 14 ቀን 2016፥ በኢትዮጵያ መስከረም 4 ቀን 2009 ዓ.ም. በብራዚል አገር በሪዮ ዴ ጃኔሮ ከ107 ኪሎ በላይ የሚመዝኑት ተወዳደሩ። ራህማን በመጀመሪያ 270 ኪሎ አነሣ። የውድድሩ ወርቅ በዚህ ብቻ የእርሱ ሆኖ ነበረ፤ ከእርሱ ቀጥሎ የወጣው የግብፅ ሰው በመጨረሻ ያነሣው 235 ኪሎ ነውና። እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሚወዳደረው ከሰው ጋር አልነበረም። በሁለተኛው 300 ኪሎ አስጠራ፤ አነሣውም፤ የማይታለፍ የተባለው ግድግዳ በዚህ ተደረመሰ። በሦስተኛው 305 አነሣ። ለክብረ ወሰን በተሰጠው በአራተኛው ሙከራ ደግሞ 310 አስጭኖ ወደ ደረቱ አወረደው፤ በደረቱም ላይ ጸጥ አድርጎ አቁሞ ወደ ላይ ገፋው። የአገሩ ሰዎች በግሪኮች ጀግና ስም «የኢራን ሄርኩሊስ» ብለው ጠሩት፤ ይህም ለኢትዮጵያ አንባቢ ሶምሶን እንደ ማለት ነው።

የዚህን ሥራ ታላቅነት ለማወቅ ጉዳት ከሌለባቸው ሰዎች ጋር ማስተያየት ይገባል። ከሪዮው ጨዋታ አንድ ዓመት አስቀድሞ በ2015 ኪሪል ሳሪቼቭ የሚባል የሩስያ ሰው፥ ልዩ ደጋፊ ልብስ ሳይለብስ፥ በዚሁ ዓይነት አነሣሥ 335 ኪሎ በማንሣት በዘመኑ ከሁሉ የበለጠውን ክብረ ወሰን ይዞ ነበረ። የሁለቱ ልዩነት 25 ኪሎ ብቻ ነው። ዳሩ ግን ሳሪቼቭን የመሰለ ሰው ብረቱን ሲገፋ ሁለት እግሮቹን በመሬት ተክሎ ከእግሩ ኃይል ይበደራል፤ ጀርባውንም ያቀናል። ራህማን የሚተክለው እግር አልነበረውም፤ የነበረው ደረቱ፥ ትከሻውና ክንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ «ለጉዳተኛ ይህን ያህል ማንሣት ጥሩ ነው» የሚል ምስጋና ለእርሱ ስድብ በሆነበት ነበር። በምንም ሚዛን ቢመዘን በዓለም ላይ ካሉት ብርቱዎች አንዱ ነበረና።

በዚሁ በሪዮ ጨዋታ ይህን የሚያስረዳ ሌላ ነገር ተደርጓል፤ እርሱም ኢትዮጵያን ይነካል። የዓይናቸው ብርሃን በደከመባቸው ሰዎች የ1500 ሜትር ሩጫ፥ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት ሰዎች ሁሉ፥ በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ የኦሎምፒክን 1500 ሜትር በወርቅ ያሸነፈው ሰው ከገባበት ጊዜ ባነሰ ጊዜ ገቡ። ከእነዚህ መካከል ሁለተኛ የወጣው ኢትዮጵያዊው ታምሩ ደምሴ ነው። የኦሎምፒኩ ሩጫ እርስ በርስ በመጠባበቅ በዝግታ የተሮጠ እንደ ነበረ መናገር ይገባል። ቢሆንም ሰዓት እንደ ሚዛን ነው፤ የሯጩን ዓይን አይቶ አያዝንም፥ አይቶም አይንቅም።

ለዚህ ለማይደላ ፍርድ ምሳሌው ከሩቅ አገር ብቻ የሚፈለግ አይደለም። በኢትዮጵያ የቅኔ ቤት ዓይናቸው የማያይ መምህራን በብዙ ወንበር ተቀምጠው አስተምረዋል፤ ዓይናማ ደቀ መዛሙርትም እግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። መምህሩ ለዚያ ወንበር የበቁት ስለ ታዘነላቸው አይደለም። በቅኔ ቤት ቅኔው ቤት የመታ እንደ ሆነ የማንም ይሁን ይመሰገናል፤ የሰበረ እንደ ሆነም የማንም ይሁን ይነቀፋል። በዚህ ሚዛን ተመዝነው ስላለፉ ነው። ሊቃውንቱ ይህን ሥርዐት ከጥንት ያውቁት ነበር፤ የቀረው ነገር ከቅኔ ቤት ደጅ አልፎ ወደ ሌላውም ሥራ እንዲደርስ ማድረግ ነው።

ራህማን ከሪዮ በኋላም አልተቀመጠም። በ2017 በሜክሲኮ ከተማ፥ በ2019 በካዛክስታን በኑር ሱልጣን የዓለም ሻምፒዮናን አሸነፈ፤ በመካከሉም በ2018 በጃካርታ ሦስተኛውን የእስያ ወርቁን ተቀበለ። 310 የሆነውን ልክ ግን አላለፈውም። በ2020 ይደረጋል ለተባለው የቶኪዮ ፓራሊምፒክ ሲዘጋጅ ሳለ፥ የካቲት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ ማርች 1 ቀን 2020 በአውሮጳውያን፥ በልብ ሕመም ምክንያት በድንገት ሞተ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሃያ ቀን ቀርቶት ነበረ። በደረቱ ላይ ሦስት ኩንታል የተሸከመውን ሰው፥ በደረቱ ውስጥ ያለችው ጭብጥ የምታህል ልብ ከዳችው። የሥጋ ኃይል እስከዚህ ድረስ ብቻ መሆኑን ካህናት ለማንም ሰው ሲያስተምሩት የኖሩት ነው፤ ጤነኛውም ጉዳተኛውም በዚህ ትምህርት እኩል ናቸው።

የእርሱ ቦታ እንዴት እንደ ቀረ ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጨዋታዎች ያስረዳሉ። የቶኪዮው ጨዋታ በወረርሽኝ ምክንያት ወደ 2021 ተላልፎ ሲደረግ፥ በዚያው ክፍል የዮርዳኖስ ሰው ጀሚል አልሸብሊና የኢራን ሰው መንሱር ፑርሚርዛኢ ሁለቱም 241 ኪሎ አነሡ። ወርቁም በሰውነቱ ክብደት ለቀለለው ለዮርዳኖሱ ሰው ተሰጠ። በ2024 በፓሪስ አህመድ አሚንዛዴ የሚባል ሌላ ኢራናዊ በ263 ኪሎ አሸነፈ። እነዚህም ታላላቅ ጕልበተኞች ናቸው፤ ነገር ግን እስከ ፓሪሱ ጨዋታ ድረስ 310 ኪሎን ያለፈ አልተገኘም።

ይህን የመሰለ ሰው ታሪክ ሲሰማ የሚመጣ አንድ አደጋ አለ። ሹም የሆነ ሰው ባለ ወርቁን አንዱን ጠርቶ፥ አበባ ሰጥቶ፥ ፎቶግራፍ አስነሥቶ ከሸኘ በኋላ፥ በደጁ የቆሙትን ሺህ ጉዳተኞች «እናንተም እንደ እርሱ በርቱ» ብሎ ሊያሰናብታቸው ይችላል። ይህ የታሪኩን ትርጕም መገልበጥ ነው። ራህማን በግል ብርታቱ ብቻ አላሸነፈም። አንድ ሐኪም በሆስፒታል ሞትን የሚጠብቁትን ከአልጋ ባያስነሣ፥ ሰዎች ተሰብስበው ሕግ ባያወጡ፥ ለእግር አልባ የሚሆን ሰፊ አግዳሚ ባይሠራ፥ በኢራን የጉዳተኞች ስፖርት ባይቋቋም ኖሮ፥ ያ ክንድ በኦሽናቪዬ ከተማ ማንም ሳያውቀው በቀረ ነበረ። ብርታቱን ያመጣው ሰውየው ነው፤ ሚዛኑን ያቀረቡለት ግን ሌሎች ናቸው። ከባለ ሥልጣን የሚጠበቀው ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሕግ የለም አይባልም። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት የ2006 ስምምነት ኢራን በ2009፥ ኢትዮጵያ በ2010 ተቀብለውታል። ከዚያም አስቀድሞ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 568 አካል ጉዳተኛ የሆነ ሰው በችሎታው ተወዳድሮ ሥራ እንዲያገኝ፥ አሠሪውም ለሥራው የሚያስፈልገውን ማመቻቸት እንዲያደርግለት ደንግጓል። የዚህ አዋጅ አሳብ ከራህማን አግዳሚ አሳብ ጋር አንድ ነው፤ መንገዱ ይስተካከል፥ ፍርዱ ግን እኩል ይሁን የሚል ነውና። አዋጅ በወረቀት ሲኖር ግን እንደ ተቀመጠ ብረት ነው፤ የሚያነሣው ሰው ካልተገኘ ክብደቱ አይታወቅም። ፈተና የሚሰጥበት አዳራሽ በሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ መውጫው ደረጃ ብቻ ከሆነ፥ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው እጩ ፈተናውን ሳይወድቅ ወድቋል። ማመልከቻውን የተቀበለ ጸሓፊ ክራንቹን አይቶ ወረቀቱን ወደ ጐን ካደረገው፥ ሳይመዘን ተፈርዶበታል። ይህን ለማቃናት ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ጥቂት ማሰብ ይበቃል፤ ፈተናውን በምድር ቤት ማድረግ፥ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ማንበብ።

በውድድሩ አግዳሚ ላይ ተኝተው ቀይ መብራት የበራባቸው ብዙ ናቸው። እነርሱ አልተበደሉም፤ ዕድል ተሰጥቷቸው፥ ሞክረው፥ በእውነት ተመዝነው ቀለው የተገኙ ናቸውና፤ ዛሬ ያልሆነላቸው ነገ ሊመለሱ ይችላሉ። ራህማንም በለንደን 300ውን ሞክሮ ወድቆ በሪዮ አንሥቶታል። የተበደለው ብረቱን ሳያቀርቡለት «አይችልም» የተባለው ነው። እንግዲህ ጉዳተኛ ሰው ከመንግሥት ሹምና ከቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሚጠይቀው የተለየ ነገር አይደለም። ሚዛኑ ይቅረብለት፤ ከቀረበለትም በኋላ የሚያነሣውን ያህል ያንሣ።